ፈረሱ የግል፤ ተራው የማኅበር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ የደረሰ መንገደኛ፤ ፍልውሃውን ካየና ከምንጩ ከቀመሰ በኋላ፤ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ዳገቱን ቢያያዘው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሐሮ ወንጪ ይደርሳል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪ ጥንት እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ሲሆን፤ ከፍታው 3,386 ሜትር ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የተራራው እምብርት ጎድጉዶ ውሃ ቋጥሯል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሐይቁ፤ በሐይቁ ላይ ያለችው የቂርቆስ ገዳም ደሴት፤ በዙሪያው የተዘራው ገብስና የእንሰቱ ተክል ባንድነት ይታዩታል። አገሩ ቀድሞ በምዕራብ ሸዋ ሥር የነበረ ሲሆን ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን የሚተዳደር የወንጪ ወረዳ ነው። መንገዱም በአንድ በኩል ከአምቦ፤ በሌላ በኩል ከወሊሶ ይመጣል።

ስለ ወንጪ ውበት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ግን ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለ ፈረሱ ነው።

ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ቁልቁለት ብርቱ ነው። የከተማ ሰው ሲወርድ ይጫወታል፤ ይሥቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል። ሲመለስ ግን አየሩ ስስ፤ ዳገቱም ረዥም ነውና ጨዋታው ያልቃል። እዚህ ላይ ነው ፈረስ የሚያስፈልገው። የአካባቢው ገበሬም ከድሮ ጀምሮ ፈረስ አለው። ስለዚህ ጎብኚ መምጣት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አንድ ገበያ ተፈጠረ ማለት ነው። ገበያው የሚሸጠው የፈረስ ጉልበት፤ የጀልባ ቀዘፋና የመንገድ መሪ እውቀት ነው። ጥያቄው ይህን ገበያ ማን ይያዘው የሚል ነው። አንድ ባለገንዘብ መጥቶ ፈረሶቹን ሁሉ ገዝቶ ገበሬውን ልጓም ሳቢ አድርጎ ቢቀጥረው አንድ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ፈረሱን እየጎተተ ጎብኚውን ከመኪና ሲወርድ ቢሻማበት ሌላ መንገድ ነው። ሦስተኛው መንገድ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የሥራው ባለቤት የሚሆኑበት ማኅበር ነው።

ሐሮ ወንጪ የመረጠው ሦስተኛውን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በጀርመን የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት፤ በምህጻረ ቃሉ ጂቲዜድ እየተባለ ይጠራ በነበረው፤ እርዳታና ምክር የወንጪ ኢኮ ቱሪዝም ማኅበር ተቋቋመ። ጎብኚው የመግቢያውን፤ የመሪውንና የፈረሱን ዋጋ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይከፍል ነበር። ፈረስ አቅራቢውም ገንዘቡን ከጎብኚው እጅ ሳይሆን ከማኅበሩ ይቀበል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ፈረሱ የማኅበሩ ንብረት አልሆነም። ገብሱን የሚያበላው፤ ሲታመም የሚያስታምመው፤ ሲሞትም የሚከስረው ባለቤቱ ነው። የማኅበሩ የሆነው ተራው ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የብዙ አገር ሊቃውንት በትልልቅ መጻሕፍት የተከራከሩበት ቁም ነገር በዚህች ተራ ውስጥ ስላለ፤ በምሳሌ አስደግፈን እንየው። ቁጥሩን የምናቀርበው ለስሌት ብቻ ነው።

መቶ ባለፈረሶች አሉ እንበል። በአንድ ቅዳሜ ፈረስ የሚፈልጉ 20 ጎብኚዎች ይመጣሉ። ተራ የሚባል ነገር ከሌለ መቶው ባለፈረስ በሙሉ ሌሊቱን ተነሥቶ አፋፉ ላይ ይሰለፋል። ጎብኚው ዋጋ ሲጠይቅ አንደኛው 200 ብር ይላል፤ ጎረቤቱ 150 ይላል፤ ሦስተኛው ልጁ ለትምህርት ቤት ደብተር የቸገረው ነውና በ80 ብር ልውሰድዎ ይላል። ዋጋው ወርዶ ወርዶ የሚቆመው የፈረሱ የዕለት ራት ላይ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈረስ ሳያከራዩ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት 80 ሰዎች የቅዳሜ እርሻቸውን ጥለው መጥተዋል። ጎብኚውም ቢሆን አልተደሰተም። አሥር ሰው እጁን ይዞ ሲጎትተው የነበረ ሰው፤ ሁለተኛ ወደዚያ ቦታ ወዳጆቹን አያመጣም።

አሁን ተራ ይኑር እንበል። በዚያ ቅዳሜ የሚመጡት ተራ የደረሳቸው 20ዎቹ ብቻ ናቸው። ዋጋው በጉባኤ የተወሰነ 200 ብር ነው። ቀሪዎቹ 80ዎቹ ከእርሻቸው ላይ ናቸው። እያንዳንዱ በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ በደረሰው ቀን ግን የሚያገኘው ገንዘብ ሙሉ ዋጋ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂት ብር ለማኅበሩ ይቆረጥና መንገድ ይጠገንበታል፤ የትምህርት ቤት ጣራ ይመታበታል፤ ወይም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የጎብኚው ቁጥር አንድ እንኳ ሳይጨምር የአገሩ ገቢ ጨመረ። ካፒታል ከውጭ አልመጣም፤ መሣሪያ አልተገዛም፤ የተለወጠው ሰው ከሰው ጋር የሚሠራበት ሥርዓት ብቻ ነው።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ችግሩ ምኑ ላይ ነው የሚል ተማሪ ይኖራል። ችግሩ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከዚያችው ከተራዋ ይወለዳሉ።

አንደኛው የሰነፍና የትጉህ ነገር ነው። ተራ ሁሉን እኩል ያደርጋል። ፈረሱን በገብስ የሚቀልበው፤ ኮርቻውን የሚያሰፋው፤ ለጎብኚው በጨዋ ደንብ የሚናገረው ሰው አንድ ተራ አለው። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ይዞ የሚመጣውም አንድ ተራ አለው። በነጻ ገበያ ጎብኚው ራሱ መርጦ ቅጣቱን ይሰጥ ነበር፤ በተራ ግን ምርጫ የለውም። ስለዚህ ማኅበሩ ገበያው ይሠራው የነበረውን ሥራ ራሱ መሥራት አለበት። ይኸውም ፈረስ የሚመረምር ኮሚቴ ማቋቋም፤ የቆሰለውን ፈረስ እስኪድን ከተራ ማውጣት፤ ጎብኚን የሰደበውን አባል መቅጣት ነው። እዚህ ላይ ነው የገጠር ማኅበር የሚፈተነው። መርማሪውና ተመርማሪው ጎረቤታሞች ናቸው፤ አበ ልጅ ናቸው፤ በአንድ እድር ይቀበራሉ። የባልንጀራን ፈረስ «ይህ ቁስለኛ ነው፤ መልሰው» ማለት ሕግ ከማውጣት ይልቅ ይከብዳል። በእኛ አስተያየት የአንድን ማኅበር ጤንነት ማወቅ የሚፈልግ ወጣት ሹም የሂሳብ መዝገቡን ከማየቱ አስቀድሞ ባለፈው ዓመት ስንት አባል ተቀጣ ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። አንድም አልተቀጣም ካሉት መጠራጠር አለበት።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። የጎብኚው ቁጥር ሳይጨምር የአባላቱ ቁጥር ከመቶ ወደ 300 ቢደርስ፤ በአምስት ሳምንት ይደርስ የነበረው ተራ በ15 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ የጥንቱ አባል አዲስ አባል እንዲገባ አይወድም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ አዲስ ስም ከእርሱ ቀለብ ላይ የተቆረሰ ስለሆነ ነው። በሩ ሲዘጋ ግን በማኅበሩ መመሥረቻ ጊዜ ሕፃን የነበረው ልጅ አድጎ፤ ፈረስ ገዝቶ፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። የደሃው መድኃኒት ሆኖ የተጀመረው ማኅበር ቀስ በቀስ የጥቂት ቀደምት ሰዎች ርስት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ የወንጪ ብቻ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ ፈተና አይደለም። የዓለም የኅብረት ሥራ ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ የሚጀመረው በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. 28 ሰዎች ባቋቋሙት ሱቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እነዚሁ የሮችዴል ሰዎች ሱቁ ሲሳካላቸው በ1854 የጥጥ ፋብሪካ ማኅበር አቋቋሙ። ፋብሪካው ለባለአክሲዮኑ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውም ከትርፉ ድርሻ እንዲሰጥ ተደነገገ። ፋብሪካው አተረፈ፤ ሰፋ፤ ሥራ የማይሠሩበት ባለአክሲዮኖችም በዙበት። በ1862 ድምፅ ተሰጠና የሠራተኛው ድርሻ ተሻረ። የሻሩት ጠላቶች አይደሉም፤ በማኅበሩ ሕግ፤ በማኅበሩ ጉባኤ፤ እጃቸውን አውጥተው የሻሩት አባላት ናቸው። ድምፅ ከሥራ ተለይቶ ገንዘብን ብቻ የተከተለ እንደሆነ የሚሆነው ይህ ነው።

ከዚህ የተማሩት የሚመስሉት ስፔኞች ናቸው። በባስክ አገር በሞንድራጎን ከተማ አንድ የካቶሊክ ቄስ፤ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪዬታ የሚባሉ፤ በ1943 ለሠራተኛ ልጆች የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከተማሪዎቻቸውም አምስቱ በ1956 ኡልጎር የተባለ የማሞቂያና የምድጃ ፋብሪካ አቋቋሙ። በፋብሪካው ድምፅ የነበረው የሚሠራበት አባል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አባል አንድ ድምፅ ነበረው። የከፍተኛው ሹም ደመወዝ ከዝቅተኛው ሠራተኛ ደመወዝ ከሦስት እጅ እንዳይበልጥ ሲጀመር ተወሰነ፤ ኋላ ግን ልዩነቱ እየሰፋ ሄዷል። በ1959 የራሳቸውን ባንክ አቆሙ። ዛሬ በዚያ ጥላ ሥር ከ70 ሺህ የማያንስ ሰው ይሠራል። ሆኖም የበኩር ልጃቸው፤ ከኡልጎር የተወለደው ፋጎር የቤት ዕቃ ፋብሪካ፤ በ2013 በዕዳ ወደቀ። የሠራተኛ ባለቤትነት ከገበያ ማዕበል አያድንም ማለት ነው። ልዩነቱ የታየው ከወደቀ በኋላ ነው፤ እህት ማኅበራቱ ከፋጎር አባላት ብዙዎቹን ወደየራሳቸው ሥራ ወሰዷቸው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኅብረት ሥራ ለኢትዮጵያ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። በሸዋ ገበሬ ዘንድ ደቦና ጅጊ፤ በከተማው እቁብና እድር ከአዋጅ በፊት የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ደቦ የአንድ ቀን ነው፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ጠላው ይጠጣና ይበተናል። መዝገብ የለውም፤ ትርፍ የለውም፤ የሚከፋፈሉት ነገር ስለሌለ የሚጣሉበትም ነገር የለም። ማኅበር ግን ቋሚ ነው። ስለዚህ ደቦ የለመደ ሕዝብ ማኅበር አይቸግረውም የሚለው አነጋገር ለንግግር ያማረ እንጂ ለሥራ የሚጠቅም አይመስለንም።

በሕግ በኩል ያየን እንደሆነ፤ በ1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞችን ኅብረት ሥራ የሚመለከተው ድንጋጌ ቁጥር 44 ወጣ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 241/1958 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሁሉ በአንድ ሕግ ሥር አደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበርም በዚያው ዘመን በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፤ በዓይነቱ ለአገራችን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የደርግ ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 138/1970 ከወጣ በኋላ ገበሬው በአምራች ኅብረት ሥራ እንዲደራጅ ተገፋ። ደረጃዎቹም መልባ፤ ወልባና ወላንድ ይባሉ ነበር። በመልባ ገበሬው በሬውን የራሱ አድርጎ መሬቱን ያቀላቅላል፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም የጋራ ይሆናል፤ ወላንድ ደግሞ ወልባዎቹ የሚዋሃዱበት ነው። ማዳበሪያውም፤ ምርጥ ዘሩም፤ ብድሩም በቅድሚያ ለእነርሱ ይሰጥ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኤኮኖሚ ሲያውጅና ከማኅበር መውጣት ይቻላል ሲባል ግን፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሄደ። አንድ ማኅበር የአባላቱ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በሩ በተከፈተ ቀን ነው። ያን ጊዜ በሩ ሲከፈት ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ኅብረት ሥራ» የሚለው ቃል በገጠር ሲጠራ ፊት የሚያስጠቁር ሆኖ ቆየ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ይህን ለማቅናት የታሰበ ነበር። በዚህ አዋጅ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ቢያንስ 10 ሰዎች በፈቃዳቸው መሠረታዊ ማኅበር ማቋቋም ይችሉ ነበር። አንድ አባል ከማኅበሩ አክሲዮን ከመቶ 10 እጅ በላይ እንዳይይዝ፤ የአክሲዮኑ ብዛት ምንም ቢሆን ድምፁ አንድ እንዲሆን፤ ከተጣራው ትርፍም ከመቶ 30 እጁ ለመጠባበቂያ ተቀምጦ የቀረው ለአባላት እንዲከፋፈል ተደነገገ። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። የ10 እጅ ገደቡን ያነበበ ተማሪ የሮችዴልን ፋብሪካ ቢያስታውስ ሕጉ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ይገባዋል።

በአማራ አገር፤ በፎገራ፤ የአውራምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የጀመረውን ሕይወት ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚታወቀው ግን ይበልጡን በወንድና በሴት እኩልነቱ ነው። በኤኮኖሚ በኩል ያለው ትምህርት የዚያን ያህል አልተነገረለትም። አውራምባዎች በደርግ ዘመን ተሰደው ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት 17 ሄክታር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በዚያ መሬት አርሶ መኖር ስለማይቻል ወደ ሽመና፤ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ገቡ። የዓመቱን ትርፍም አባላቱ እኩል ይካፈላሉ። ሽመና ከፈረስ ተራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሸማኔ ሲጨመር የሚሠራው ጨርቅ ይጨምራል፤ ባለፈረስ ሲጨመር ግን ጎብኚ አይጨምርም። ስለዚህ ሁለቱን ማኅበራት በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

በላስታና በመቄት አምባዎች ላይ ከ1995 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ «ተስፋ» በተባለው ድርጅት ረዳትነት የገጠር ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ጎጆ እየሠሩ ጎብኚ ማሳደር ጀመሩ። በባሌም በአዳባና በዶዶላ ደኑን የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች በፈረስ እየመሩ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። ሁለቱም ከወንጪ ጋር የዘመድ ያህል ናቸው።

ወንጪን ከእነዚህ የሚለየው ከዋና ከተማው በግማሽ ቀን የሚደረስበት መሆኑ ነው። ይህ ቅርበት በረከትም ፈተናም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. በማድሪድ ባደረገው ጉባኤ፤ በዓለም ላይ ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ወንጪ ሆነች። ከዚያ ቀደም ሲል በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» የተባለው ፕሮጀክት ሲታወቅ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪም ተመርጣ ነበር። በዚህም መሠረት መንገድ ተሠራ፤ ዘመናዊ ሎጅም ተገንብቶ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ።

እዚህ ላይ ነው ለሐሮ ወንጪ ሰው ትልቁ ጥያቄ የተነሣው። ከዚያ በፊት ወደ ወንጪ የሚመጣ ጎብኚ የሚያገኘው ባለፈረሱን ነበር፤ ሌላ አገልጋይ አልነበረምና። ሎጅ ሲኖር ግን ጎብኚው አልጋውንም፤ ምግቡንም፤ ሽርሽሩንም ከአንድ ቦታ መግዛት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ባለፈረሱ ከሦስት አንዱን ይሆናል፤ ወይ የሎጁ ደመወዝተኛ፤ ወይ ከሎጁ በር ውጭ የቆመ ፈላጊ ያጣ ሰው፤ ወይም ከሎጁ ጋር ውል የተዋዋለ ማኅበር አባል።

ደመወዝን ማንቋሸሽ አይገባም። ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት በወር በወሩ የሚመጣ ደመወዝ ስንት ቤት ያቆማል። የትምህርት ቤት ወጪ ያለበት አባት «የባለቤትነት ክብር» የሚለውን ንግግር ሰምቶ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ደመወዝ ለ50 ወይም ለ100 ሰው ይደርሳል እንጂ ለቀበሌው ሁሉ አይደርስም። የፈረስ ተራ ግን በጥቂት በጥቂቱም ቢሆን ለብዙ ቤት ይደርሳል። ከዚህም ሌላ፤ ደመወዝተኛው ጎብኚ ሲበዛ ደመወዙ አይበዛም፤ ባለተራው ግን ጎብኚ ሲበዛ ተራው ይፈጥንለታል። ሐይቁን ንጹሕ አድርጎ የሚጠብቅ፤ ደኑን የማይቆርጥ፤ ጎብኚ ሲዘረፍ የሚቆጣው ሰው የትኛው እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስለዚህ ሦስተኛው፤ ማለት ውሉ፤ የሚሻል ይመስለናል። ሎጁ ፈረስ ሲያስፈልገው ከማኅበሩ ብቻ በተወሰነ ዋጋ ይወስዳል፤ ማኅበሩም ጤነኛ ፈረስና ትሑት መሪ በሰዓቱ ለማቅረብ ይዋዋላል፤ ላጓደለው መቀጫ ይከፍላል። በዚህ ውል ሎጁም ይጠቀማል፤ ከላይ ያነሣነው የቆሰለ ፈረስ ጉዳይም መላ ያገኛል። ጎረቤት ጎረቤቱን ለመቅጣት ቢያፍርም «ውሉ ያስቀጣናል» ለማለት አያፍርምና። አንዳንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጥብቅ ገዢ ለማኅበር ከመልካም ምክር ይልቅ ይጠቅመዋል።

የተዘጋውን በር ለመክፈት ደግሞ የፈረሱን ቁጥር ከማብዛት ይልቅ የሥራውን ዓይነት ማብዛት ይሻላል። በዚህ በኩል ወንጪ እድለኛ ነው፤ ማር አለውና። በተራራው ላይ ከሚበቅለው ከአስታውና ከኮሶው አበባ የሚሠራው ማር በውጭም ስም አለው። መሠረቱ በኢጣልያ የሆነው ስሎው ፉድ የተባለው እንቅስቃሴ «የወንጪ እሳተ ገሞራ ማር» ብሎ ከሚጠብቃቸው የምግብ ዓይነቶች አንዱ አድርጎታል። ማር ከፈረስ ተራ ይልቅ የአውራምባን ሽመና ይመስላል። አዲስ ንብ አናቢ ሲጨመር የጥንቱ አይጎዳም፤ አበባ እስካለ ድረስ። እንዲያውም በአንድ መለያ ስም የሚሸጥ ማር ብዛት ሲኖረው ነጋዴ ከሩቅ ይመጣለታል። አንድ ገበሬ ሁለት ኪሎ ይዞ ገበያ ቢወጣ ግን ዋጋውን የሚወስንለት ነጋዴው ነው። ማሩ ለጎብኚ ይሸጣል፤ ጎብኚው ፈረስ ይጋልባል፤ ወጣቱም ፈረስ ባይኖረው ቀፎ ይኖረዋል። ለቀፎ መሬት ብዙ አያስፈልግም፤ ይህም መሬት ለሌለው የገበሬ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያጠና ሰው ከሩቅ መምጣት አያስፈልገውም። ጥንት የእርሻ ትምህርት ቤት ብለን የምናውቀው የአምቦው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የኅብረት ሥራና የልማት ጥናት ተቋምም አለው። ከመማሪያ ክፍሉ እስከ ፈረሱ ተራ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪ ካለ፤ ስለ አባላት «አመለካከት» መጠይቅ ከሚበትን ይልቅ አንድ የተራ መዝገብ ወስዶ በዓመት ውስጥ ለማን ስንት ጊዜ እንደደረሰ ቢቆጥር ለአገሩ ሰውም ለራሱም ይጠቅማል።

ወጣት ሹማምንት ማኅበር አደራጁ ተብለው ወደ ወረዳ ሲላኩ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ይቀረጻል፤ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ ሪፖርት ይላካል። (ማኅተም ብቻ የቀራቸው ማኅበራት በየወረዳው መሳቢያ ውስጥ ስንት እንደሆኑ መሳቢያዎቹ ያውቃሉ።) ለአባላቱ ግን ከማኅተሙ ይልቅ የሚያሳስባቸው በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ተጽፎ መገኘት ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የውርስ ጥያቄ ነው።

አንድ ባለፈረስ ሞተ እንበል። ሁለት ልጆች አሉት። ፈረሱ የግል ንብረት ነውና እንደ ሕጉ ለልጆቹ ይተላለፋል። አክሲዮኑም ገንዘብ ነውና ወይ ወራሹ አባል ሆኖ ይይዘዋል፤ ወይ ዋጋው ይከፈለዋል። ተራውስ? ተራ ገንዘብ አይደለም፤ ሥራ ነው። ለበኩሩ ይሰጥ ቢባል ታናሹ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ለሁለቱም ይሰጥ ቢባል አንዱ ተራ ሁለት ይሆንና የሌላው ሁሉ ተራ ይዘገያል። ለአንዳቸውም አይሰጥ፤ ወረፋ ለያዘው አዲስ ሰው ይተላለፍ ቢባል ደግሞ አባቱ ማኅበሩን ሲመሠርት የደከመ ልጅ በጉባኤ ላይ ይነሣና «አባቴ መንገዱን የቆፈረው ለማን ነው?» ይላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች ተራውን በየፈንታ ይዘው፤ በአንዱ ወር ታላቁ በሌላው ወር ታናሹ፤ ያንኑ የአባታቸውን ፈረስ እየሳቡ ይወርዱ ዘንድ ደንቡ ሊፈቅድ ይችላል። ፈረሱ እስካለ ድረስ ይህ ይበቃል፤ የሁለቱ ልጆች ልጆች ሲያድጉ ግን ጉባኤው እንደገና መቀመጥ ይኖርበታል።